ጋርዴኒያዎቼን ያሞቅኩበት ክፍል

መጀመሪያ ያመመኝ ግንባሬን ነው። ጠዋት ስነቃ ከቅንድቤ በላይ ያለው ቦታ ይወጋኛል፤ ተነሥቼ ግቢ ወጥቼ ፊቴን ስታጠብና ዶሮዎቹን ስለቅ ቀስ በቀስ ይለቀኛል። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ነበር። ደብረ ማርቆስ በዚያ ወቅት ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ብርዱ ነው ብዬ ራሴን በሻሽ አስሬ ዝም አልኩ። ቀጥሎ ማቅለሽለሽ መጣ። ከዚያ ጉልበቴ ከዳኝ። አንድ ባልዲ ውኃ ይዤ ግቢውን ሳቋርጥ ዳገት እንደወጣ ሰው ልቤ ይመታ ጀመር።

ይህን የምጽፈው ቤቱ ውስጥ እየታመመ ከቤቱ ሲወጣ ለሚሻለው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ፤ እኔም ሁሉንም አስቤዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ጠባዬ ልናገር። ተጠራጣሪ ነኝ። ነጋዴ ፈገግ ካለልኝ ዓይኔ ወደ ሚዛኑ ይሄዳል። ሐኪም «አይዞሽ» ካለኝ ምን ደበቀኝ እላለሁ። ባለቤቴ ጥላሁን ደግሞ ዝምተኛ አናጢ ነው። ከዝምተኛ ጋር የሚኖር ተጠራጣሪ ዝምታውን በራሱ ሐሳብ ይሞላዋል፤ እኔም ሠላሳ ዓመት ስሞላው ኖሬያለሁ። ልጆቻችን ሥራ ይዘው ከወጡ ወዲህ ቤቱ ለሁለታችን ብቻ ቀርቷል።

የምተዳደረው በአበባ ነው። ጽጌረዳ በየግቢው አለ፤ የእኔ ግን ሙቀት የለመዱ፣ ሽታቸው ከሩቅ የሚጠራ ቁጥቋጦዎች ናቸው። ጃስሚን፣ ፍራንጂፓኒ፣ ከሁሉም በላይ ጋርዴኒያ። ቁራጮቹን የማመጣው ባሕር ዳር ከምትኖረው እኅቴ ከሙሉ ግቢ ነው። እዚያ ማንም ሳይንከባከባቸው ያድጋሉ። እዚህ ግን በልመና ነው። ጋርዴኒያ ቅጠሏ የሚያብረቀርቅ፣ አበባዋ ነጭና ወፍራም ናት፤ አንዲት አበባ ብቻዋን ክፍል ትሞላለች። ብርድ ከነካት ግን እምቡጧን አንድ በአንድ ታረግፈዋለች። የጥር ሙሽሮች የሚፈልጉት ደግሞ እሷን ነው። ስለዚህ ኅዳርንና ታኅሣሥን እምቡጥ ሳይረግፍ ማለፍ ማለት ለእኔ የዓመቱን ሥራ ማዳን ነው።

በዚያ ዓመት አንዲቱን ክፍል ለእነሱ ሰጠኋቸው። ጥላሁን መደርደሪያ ሠራልኝ። በሩንም ንፋስ እንዳያሳልፍ ጠርዙን አስተካክሎ አጠበቀልኝ። መስኮቱን በላስቲክ ሸፈንኩት፤ በበሩ ሥር ጨርቅ ጎሰጎስኩ። መብራት ስለሚጠፋ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ መተማመን አልቻልኩምና ማታ ማታ ማንደጃ ላይ ከሰል አድርጌ አስገባ ጀመር። እሳቱን የሚጠብቅ ሰው ስለሚያስፈልግ ፍራሼንም እዚያው ዘረጋሁ። ጥላሁን «የአበባው ሽታ ራሴን ያዞረኛል» ብሎ በመኝታ ቤታችን ቀረ።

ሞኝ አይደለሁም። ከሰል ሰው እንደሚገድል የማያውቅ ማን አለ? ስለዚህ ደጅ አቀጣጥለዋለሁ፤ ጭሱ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ፤ ፍሙ ቀልቶ ጭስ የሚባል ነገር ሲጠፋ ብቻ አስገባዋለሁ። የሚገድለው ጭሱ ነው ብዬ ነበር የማምነው። በዚያ ላይ ዙሪያዬን ተክል ነው። ተክል አየር እንደሚያጠራ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ በከተማው ውስጥ ከእኔ የተሻለ አየር የሚተነፍስ የለም ብዬም እኮራ ነበር።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ታይፎይድ ነው አሉኝ፤ መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ለውጥ የለም። ሌላ ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለ። ግፊቴን ለኩ፤ ደሜን ወሰዱ፤ ሽንቴን አዩ። ደሜን ከሌላ ሰው ደም ጋር ሳይቀላቅሉት አልቀሩም ብዬ ባለሙያዋን ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት፤ ተቀየመችኝ። ቤት ውስጥ ምን እንደምናነድ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርኩም፤ ለምን እናገራለሁ?

ከዚያ ተጨማሪ ቁራጭ ላመጣ ባሕር ዳር ወረድኩ። በማግሥቱ ራሴን አላመመኝም። በሦስተኛው ቀን ምሳ ደግሜ በላሁ፤ ሙሉ «ምን ሆነሽ ነው የከሳሽው?» ብላ ስትቆጣኝ ሳቅኩባት። ቤቴ ተመልሼ ባደርኩ በመጀመሪያው ጠዋት ግንባሬ መውጋት ጀመረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆን ብዬ እንደገና ሄድኩ። እንደገና ዳንኩ። እንደገና ተመለስኩ። እንደገና ታመምኩ።

አንባቢዬ፣ አንተስ ምን ትል ነበር? እኔ በአውቶቡስ መስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ደጋግሜ አሰብኩት። ባሕር ዳር የሌለ፣ እኔ ቤት ግን ያለ ነገር ምንድን ነው? መልሱ አንድ ብቻ ሆነ። ጥላሁን።

ወተቱን አስታወስኩ። ከታመምኩ ጀምሮ ማታ ማታ ወተት አፍልቶ በር ላይ ያቀብለኛል። ቀድሞ እንዲህ አያደርግም ነበር። ምክንያት ፈለግሁለት፤ የሚፈልግ ደግሞ አያጣም። ቤቱ በእኔ ስም ነው። ባለፈው ክረምት «ይህን ሸጠን ደብረ ኤልያስ ወንድሜ ዘንድ ብንገባ ምን ይለናል?» ብሎኝ ነበር፤ እንቢ ስለው አልተከራከረኝም። ያኔ ደግ ሰው ነው ያልኩትን አሁን ነገር የሚይዝ ሰው ነው አልኩት።

አንድ ማታ ወተቱን ተቀብዬ ለድመታችን ሰጠኋት። ግጥም አድርጋ ጠጣችና እንደ ልማዷ ማንደጃው አጠገብ ተጠቀለለች። ጠዋት ልትነሣ ስትል የኋላ እግሯ ከዳት። ዓይኗ ፈጧል፤ አፏን ትከፍታለች፤ ድምፅ የለም። ተሸክሜ ግቢ አወጣኋት። ፀሐይ ላይ ትንሽ ቆይታ አስመለሳት፤ ከዚያ እየተንገዳገደች ሄደች። መርዙን ተፋችው አልኩ። ባሌ እየገደለኝ ነው። ይህን ቃል በአፌ ባልለውም ሙሉውን አስቤዋለሁ፤ ስጽፈው እንኳ የሚከብድ ቃል ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ከእሱ እጅ ምንም አልቀመስኩም። ሽሮዬን ራሴ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ እዚያው ማንደጃ ላይ፣ በሩን ቆልፌ እሠራ ጀመር። ቀንም እሳት፣ ማታም እሳት ሆነ። ልብ በሉ፤ ራሴን ለማዳን ያደረግሁት ሁሉ ወደ ሞት የሚገፋኝ ነበር። ባሰብኝ። ቃላት ይጠፉኝ ጀመር። ጋርዴኒያዋን እያየሁ ስሟ አልመጣ ይለኛል። አንድ ቀን ውኃ ሳጠጣ ወድቄ አንድ የአበባ ማሰሮ ሰበርኩ። ጥላሁን ድምፁን ሰምቶ በሩን አንኳኳ።

«አስካለ፣ ምን አደረግሁሽ?»

«ምንም» አልኩት።

ከበሩ ማዶ ትንፋሹን ለረጅም ጊዜ ሰማሁት። ከዚያ ሄደ።

የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። ሞቴን ብቻዬን አልጠብቅም ብዬ ሽማግሌ ጠራሁ። አንዱ የነፍስ አባቴ ቄስ ገበየሁ ናቸው። ሌላው ጎረቤታችን ሐጂ ሁሴን፤ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ለጥላሁንም ለእኔም እኩል የሚቀርቡ ሰው ናቸው። ረፋድ ላይ መጡ። ቄስ ገበየሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመኛ ናቸው፤ ውኃም አይቀምሱም። ሐጂን ደግሞ በር ላይ «እባክዎ ከዚህ ቤት ምንም እንዳይቀምሱ» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

ነገሩ እንዳይሰማ የአበባ ክፍሉ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ለክብራቸው ማንደጃውን ከወትሮው አብዝቼ ሞላሁት። በሩን ዘጋሁ፤ ጨርቁንም በእግሬ ወደ ሥሩ ገፋሁት። ጥላሁን እስኪጠራ ግቢ ውስጥ እንዲቆይ ተነግሮታል።

ሁሉንም ተናገርኩ። ባሕር ዳርን፣ ወተቱን፣ ድመቷን። ቄስ ገበየሁም፦

«አንች ልጄ፣ ይህን ያልሽውን በዓይንሽ ያየሽው አለ?» አሉኝ።

«ድመቷን አየሁ፣ አባቴ።»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወይዘሮ አስካለ፣ ይህ ቃል ከዚህ ክፍል ከወጣ የሚመልሰው የለም። ቀስ እንበል።»

ቀስ አልን። ጠየቁኝ፤ መለስኩ፤ ደግመው ጠየቁኝ። ፀሐይዋ ከላስቲኩ ላይ ከፍ አለች። ቄስ ገበየሁ ጥምጥማቸውን ፈታ አድርገው ግንባራቸውን ያሹ ጀመር። «ጾሙ ነው መሰል፤ ራሴን ከፈለኝ» አሉ። ሐጂ ላብ አጠመቃቸው። እኔ ምን እንዳሰብኩ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ጥላሁን የበሩ እጀታ ላይ ምን ቀብቶ ይሆን ነበር ያልኩት።

«ጥራው፤ ይግባ» አሉ ሐጂ። ማንን እንዳዘዙ እሳቸውም አላወቁ። ከመካከላችን የሚላክ ሰው አልነበረም።

ቄስ ገበየሁ ራሳቸው ተነሡ። አንድ እርምጃ ሄዱ። ጉልበታቸው ታጠፈ። መደርደሪያውን ይዘው ወደቁ። ማሰሮዎቹ ተንኮታኮቱ። ሐጂ አስመለሳቸው። እኔ ልነሣ አልኩ። እግሬ የለም። ጥላሁን በሩን ገፋ። ጨርቁ ያዘው። በትከሻው መታው። ገባ። አየኝ። ዓይኑን አስታውሳለሁ። ሊጨርሰን መጣ አልኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም።

የሆነውን የነገሩኝ ቄስ ገበየሁ ናቸው። ጥላሁን መጀመሪያ እኔን በብብቴ ይዞ ጎትቶ ግቢ አወጣኝ። ተመልሶ እሳቸውን አወጣ፤ ሐጂ በእጅና በጉልበታቸው እየዳኹ ወጡ። ከዚያ የመስኮቱን ላስቲክ በመሮ ቀደደው፤ ባጃጅ ጠርቶ ሦስታችንን ሆስፒታል አደረሰን። እሱ ራሱን ሊያመው የጀመረው እዚያ ደርሶ ነው።

የተቀበለችን ወጣት ሐኪም የጠየቀችውን ቄስ ገበየሁ ቃል በቃል ያስታውሱታል። «ምን በላችሁ?» «ምንም፤ ጾም ነው።» «እርስዎስ አባባ?» ሐጂም «ምንም አልቀመስኩም፤ አትቅመስ ተብዬ ነው» አሉ። «ታዲያ ሦስታችሁ የተጋራችሁት ምንድን ነው?» ቄስ ገበየሁ ትንሽ አሰቡ። «ክፍሉን፣ ልጄ። አበባውንና እሳቱን።»

«ምን እሳት?» አለች።

ጾሙ ባይኖር ሁላችንም የምግብ መመረዝ ተብለን ነበር። ጥላሁንም ዛሬ የት እንደሚሆን አላውቅም።

ስነቃ አፍና አፍንጫዬ ላይ የኦክሲጅን ጭምብል ነበር። ሐኪሟ ዝቅ ብላ በቀስታ አስረዳችኝ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ከሰል ሲነድ ይወጣል፤ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ካለቀ በኋላም ይወጣል። ሽታ የለውም፤ አይታይም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። «ጣትሽ ላይ የምናደርገው የኦክሲጅን መለኪያ ዘጠና ስምንት ይላል፤ ግን አትመኚው፤ ሁለቱን አይለያቸውም» አለችኝ። በደም ውስጥ ያለውን መጠን የሚለካ መሣሪያ እዚያ አልነበራቸውም። «ታሪካችሁ ይበቃኛል» አለች። እኔ ግን አልበቃኝም።

«አበባዎቹስ?» አልኳት። ጎረቤት ሁሉ ሽታው ነው ይል ነበርና።

«አበባ አይደለም። ተክሎቹም አላዳኑሽም፤ ይህን ጋዝ ማጥራት አይችሉም።»

«ወተቱስ?»

«የምን ወተት?» አለች።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ካፈርኩባቸው ጊዜያት ሁሉ ይህኛው ይበልጣል። ጥላሁን አልጋው እግርጌ ቆሞ ነበር፤ ወተት የሚለውን ቃል ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

ቄስ ገበየሁና ሐጂ በማግሥቱ ወጡ። ሐጂ እስካሁን ለሽምግልና ሲጠሩ «መስኮት አለው?» ብለው ይጠይቃሉ። የእኔ ግን ረዘመ። ሐኪሟ ገና ስወጣ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ የተመረዘ ሰው ተሻለው ከተባለ ከሳምንታት በኋላም መርሳትና መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል ብላለች። መጣም። ከገና በፊት የማንካን ስም አጣሁ፤ ገበያ ወጥቼ የቤቴ መንገድ ጠፍቶኝ አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ጥላሁን እስኪመጣ ጠበቅሁ፤ የምጠረጥረው ሌላ ሰው ስላልቀረኝ የገዛ አእምሮዬን እጠረጥር ጀመር፤ በሩን ቆልፌያለሁ ወይ፣ ይህን ሰው አውቀዋለሁ ወይ፣ አሁን የተናገርኩት ቃል ትክክል ነው ወይ እያልኩ። ሐኪሟ በየጊዜው እየጠራች ቁጥር ወደ ኋላ ታስቆጥረኛለች፣ በአንድ መስመር ላይ ታስኬደኛለች፤ የካቲት ሲጋመስ ቀጥ ብዬ ሄድኩላት።

ጋርዴኒያዎቹ ላስቲኩ በተቀደደበት ሌሊት እምቡጣቸውን ሁሉ አረገፉ፤ በዚያ ጥር አንድም ሙሽራ ከእኔ ዘንድ አበባ አላገኘችም። ግን አልሞቱም። ፍራንጂፓኒዋማ ቅጠሏን ጥላ በትር መስላ ቆማ ነበርና ሞተች ብዬ ልጥላት ስል ሙሉ በስልክ ሳቀችብኝ፤ በብርድ ወራት ማረፍ ተፈጥሮዋ ነውና ሙቀት አያስፈልጋትም ነበር። ራሴን ስቼ ያሞቅኋት እንቅልፍ የፈለገች ተክል ናት። አሁን ጋርዴኒያዎቹን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር አሰልፋቸዋለሁ፤ በመካከላቸው ውኃ የሞሉ ጥቁር ጀሪካኖች አሉ፤ ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ይመልሱታል፤ ሲመሽ ከላይ ጆንያ አለብሳቸዋለሁ፤ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ እገልጣቸዋለሁ። ጥቂት እምቡጥ ይረግፋል። የቀረው ይበቃኛል፤ እኔም አልጋዬ ላይ እተኛለሁ።

ከእኔ ተማሩ። ቤታችሁ ውስጥ የሚያማችሁ፣ ስትወጡ የሚለቃችሁ ከሆነ፣ ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት አየሩን ጠርጥሩት። ከአንድ መሶብ ያልበሉ ሰዎች አብረው ከታመሙ፣ ድመት ወይም ዶሮ አብሮ ከወደቀ፣ መጀመሪያ በሩን ክፈቱና ውጡ፤ ምክንያቱን ደጅ ሆናችሁ ታስቡታላችሁ። ሐኪም ባይጠይቃችሁም «ቤት ውስጥ ከሰል እናነዳለን» በሉ። የቀላ ፍም አትመኑ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያለበት ቤትማ ማንደጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይደር። ሰው ከጠረጠራችሁ ደግሞ ፊት ለፊት ጠይቁት። ሲከፋችሁ «ምንም» አትበሉ።

ሐኪሟን አመሰግናለሁ፤ «ምን እሳት?» ብላ ስለጠየቀች። ቄስ ገበየሁንና ሐጂ ሁሴንን አመሰግናለሁ፤ ለእኔ ብለው ሊሞቱ ነበር። ከገና በኋላ ሊያስታርቁን ተመልሰው ሲመጡ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ልጠይቅ ስል ቄስ ገበየሁ «ራስሽን መሸከም ስትችይ ትሸከሚያለሽ፤ አሁን ቁጭ በይ» አሉኝ። የተቀመጥነው ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ነው። ጥላሁን «ይቅር ብያለሁ» አለ። ፈጥኖ ስላለው አላመንኩትም።

ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ጠየቅሁት። በኑሯችን እንዲህ ስጠይቀው የመጀመሪያዬ ነው። «ጥላሁን፣ እውነቱን ንገረኝ። ጥለኸኝ ልትሄድ አስበህ ነበር?»

«አዎ» አለ።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ በመጡ ዕለት ሻንጣውን አሰናድቶ ነበር። እኔ በሩን ስቆልፍ፣ ባሕር ዳር ስመላለስ፣ ሌላ ሕይወት ይዛለች ብሎ እሱም እኔን ጠርጥሮኛል። በጠዋቱ ሚኒባስ ደብረ ኤልያስ ሊገባ ነበር። ሽማግሌ መጠራቱን ሲሰማ የምናገርበትን ሊሰማ ቀረ። ሄዶ ቢሆን ያን በር በትከሻው የሚገፋ ሰው ግቢው ውስጥ አልነበረም። ሦስታችንም እዚያው እንቀር ነበር።

«አመሰግናለሁ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀልኝና መሮውን ሊስል ሄደ። ልብሱን ከሻንጣው ያወጣው ግን ከፋሲካ በኋላ ነው።